የሦስት ዓመት እሑዶች

147,573,952,589,676,412,927።

ይህን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ላንብብ የሚል ሰው ትንፋሹ መንገድ ላይ ይቀርበታል። ሃያ አንድ አሃዝ አለው። በግእዝ ልጻፈው የሚልም ይቸገራል፤ ከግእዝ የቁጥር ምልክቶች ትልቁ ፼ ነው፤ እርሱም ዐሥር ሺህ ብቻ ነው። እዚህ ለመድረስ ፼ን አምስት ጊዜ በራሱ ላይ መደራረብ ያስፈልጋል። ሳይንስ እንደሚለው የዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። ያ ሁሉ ዘመን በሰከንድ ተመንዝሮ ቢቆጠር፣ ይህ ቁጥር ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ይበልጠዋል።

እንዲህ ያለ ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው ቢባል ማን ያምናል? አለው እንጂ። ስሕተት አለበት፤ ትዕግሥት አለበት፤ ዝምታም አለበት። እኔን የሳበኝ ዝምታው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቁጥሩ አወላለድ ቀላል ነው። ብዙዎቻችን የሰማነው አንድ ተረት አለ። የሰንጠረዥን ጨዋታ የፈጠረውን ጠቢብ ንጉሡ «የምትሻውን ጠይቀኝ» ቢለው፣ «በመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ በየቤቱ እጥፍ እያደረግህ ስድሳ አራቱን ቤት ሙላልኝ» አለው። ንጉሡ በጥያቄው ማነስ ሳቀ። የጎተራው ሹም ሒሳቡን ሠርቶ ሲመለስ ግን ሳቁ ቆመ፤ የተጠየቀው 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ነበርና። እንግዲህ በዚያ ገበታ ላይ ሦስት ቤት ብቻ ጨምሩ፤ ስድሳ ሰባት ይሁኑ። የሚከመረው ፍሬ በትክክል ከላይ የጻፍሁት ቁጥር ነው። የሒሳብ ሰዎች ሲናገሩት፣ 1 ስድሳ ሰባት ጊዜ እጥፍ እየሆነ ሄዶ ከመጨረሻው ውጤት አንድ ሲቀነስ ማለት ነው።

ታሪኩን ለመከተል ከትምህርት ቤት ሒሳብ አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ብቸኞች ናቸው። 15 ግን ብቸኛ አይደለም፤ 3 ጊዜ 5 ነውና ጥምር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የኖረው ዩክሊድ አንድ የሚያምር ነገር አሳይቶ ነበር። ከአንድ ጀምሮ እጥፍ እጥፍ እየሆኑ የሚሄዱ ቁጥሮች ተደምረው ድምሩ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ያ ድምር በመጨረሻው ቁጥር ሲባዛ «ፍጹም ቁጥር» ይወጣል። ፍጹም የሚባለው፣ ከእርሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው እርሱኑ የሚሰጡት ነው። 1 ሲደመር 2፣ ሦስት፤ ሦስት ጊዜ 2፣ ስድስት። የስድስት አካፋዮች 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩም ስድስት። ቅዱስ አውግስጢኖስ እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን የፈጠረው ስድስት ፍጹም ቁጥር ስለ ሆነ ነው ሲል የጻፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ከስድስት ቀጥሎ 28፣ ከዚያ 496፣ ከዚያም 8128 ይመጣሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ከጥንት ጀምሮ አንድ ነበር፤ ከእነዚህ የገበታ ድምሮች መካከል ብቸኛ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?

* * *

በ17ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ማራን መርሴን የሚባል መነኩሴ ነበር። በ1588 ተወልዶ በ1648 ዐረፈ። ዴካርትንና ፌርማን ከመሳሰሉ የዘመኑ ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ስለ ነበር፣ የሳይንስ መጽሔት ገና ባልነበረበት ዘመን የእርሱ ደብዳቤዎች እንደ መጽሔት ሆነው አገልግለዋል። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ደፋር ቃል ተናገረ። እስከ 257 ድረስ ካሉት የቤት ብዛቶች ድምራቸው ብቸኛ የሚሆነው በ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ላይ ብቻ ነው አለ።

በ67 ላይ ልብ በሉ። የእኛ ቁጥር በመዝገብ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ ብቸኛ ተብሎ።

መርሴን ይህን እንዴት እንዳወቀ አላሳየም። እንዲያውም ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ አሃዝ ያለውን ቁጥር ብቸኛነት ለመፈተን ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ ራሱ ጽፏል። ያም ሆኖ ዝርዝሩ የታላቅ ሰው ዝርዝር ነበርና ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። በ1772 ኦይለር የ31ኛው ድምር፣ 2,147,483,647፣ በእርግጥ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። መርሴን እዚያ ላይ ልክ ነበር። ስለዚህ በ67ም ልክ ይሆናል ተብሎ ቢታመን አያስደንቅም።

በ1883 ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ የሩሲያ የገጠር ቄስ፣ መርሴን ያልጠቀሰው የ61ኛው ድምር ብቸኛ መሆኑን አሳየ። ያን ጊዜ አንዳንዶች አንድ ግምት ሰነዘሩ፤ ምናልባት መርሴን ሊጽፍ የፈለገው 61 ነበር፤ በእጅ ጽሑፉ ወይም በማተሚያ ቤቱ 1 ቁጥር 7 ሆኖ ይሆናል፤ 67 የሚባለውም ከዚያ የተወለደ ይሆናል።

ይህን ግምት መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ለብቻዬ ሣቅሁ። ባንክ ቤት ነው የምሠራው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመት አንድ አዛውንት በእጃቸው የሞሉትን የገቢ ቅጽ ተቀብዬ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ቁጥር 7 ብዬ አንብቤ መዘገብሁ። ሽማግሌው አናቷን ረዘም አድርገው ነበር የጻፏት። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ስድስት ብር ጎደለ። ስድስት ብር ከኪሴ ከፍዬ መሄድ እችል ነበር፤ ግን ወግ አይፈቅድም። የጎደለው ብሩ ሳይሆን እውነቱ ነበርና። የቀኑን ቅጽ ሁሉ አንድ በአንድ ስንገልጥ መሸ፤ አለቃዬም ከእኔ ጋር ዐብረው አመሹ። ያቺን አንድ ቁጥር ባገኘን ጊዜ ማንም አልተቆጣም፤ ዝም ብለን ዐየናት። በ61 እና በ67 መካከል ያለው ልዩነትም ስድስት ነው።

በኋላ ግን ግምቱ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። በ1911 እና በ1914 ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ 89 እና 107ም ከዝርዝሩ የቀሩ መሆናቸውን አሳየ፤ 257ም ያለ ቦታው የገባ ሆኖ ተገኘ። መርሴን የተሳሳተው አምስት ቦታ ላይ ነበር። እነዚህን ሁሉ በቀለም ጠብታ ማመካኘት አይቻልም። የሊቅ ስም ያለበት ዝርዝር ግን ሁለት መቶ ዓመት ተሻግሮ መኖር ይችላል፤ ያለ ማስረጃም ቢሆን።

* * *

በ67 ላይ የመጀመሪያውን ምት ያሳረፈው ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ ነው። በ1876 የ67ኛው ድምር ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። አካሄዱ እንግዳ ነው። አካፋዮቹን ፈልጎ አላገኘም፤ ሊያገኝም አልሞከረም። ብቸኛ የሆነ ቁጥር የግድ ሊያልፈው የሚገባ ፈተና አዘጋጀ፤ ቁጥሩ ፈተናውን ወደቀ። በሩቅ ሆኖ ከጎጆው ጣሪያ ጢስ ሲወጣ ያየ ሰው ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ሉካ ያየው ጢሱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ሰባት ዓመት ነገሩ እንዲሁ ቆየ። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ለመሆኑ ጥርጥር የለም፤ የሁለቱን ስም የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ቅኔ የቀመሰ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። በአንድ ኅብረ ቃል ውስጥ ሁለት ፍቺ እንዳለ ጆሮ ይነግረዋል፤ ሰሙ ተለይቶ፣ ወርቁ እስኪወጣ ግን እንቅልፍ የለም።

ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1861 በማሳቹሴትስ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ሃርቫርድ ተማረ፤ ጀርመን አገር ከታላቁ ፌሊክስ ክላይን ዘንድ ተቀመጠ፤ ኋላም በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበርን ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በጸሐፊነት አገለገለ። ደብዳቤ የሚመልስ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ፣ መጽሔት የሚያርም ሰው ነበር። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ታሪክ በግርጌ ብቻ ያነሣቸዋል።

ይህ ሰው የሁለቱን ስም እፈልጋለሁ ብሎ ተነሣ። የሥራውን ክብደት ለመገመት እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ ትንሽ አስቤ ነበር። ከፌርማና ከኦይለር ዘመን ጀምሮ እንደሚታወቀው የዚህ ቁጥር አካፋይ መሆን የሚችለው ለ134 ሲካፈል 1 የሚተርፍ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ወይ 1 ወይ 7 መትረፍ አለበት። ይህ ብዙውን ያስቀራል። ኮል ያገኘው ትንሹ አካፋይ ዘንድ እስኪደረስ ግን ከ700 ሺህ በላይ እጩዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ በ3፣ በ5 እና በ7 የሚካፈሉት ቢጣሉ እንኳ ከ300 ሺህ በላይ ይቀራሉ። አንዱን ማካፈል አምስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ሰውየውም በየእሑዱ ዐሥር ሰዓት ይሥራ። ሁሉንም ለመጨረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ እሑዶች ያስፈልጉታል።

ስለዚህ ኮል እንደ በሬ አላረሰም። ቁጥሩ ከሌሎች ቁጥሮች ካሬ ጋር ያለውን ዝምድና እያጠና ወንፊት ሠራ፤ አካፋይ ሊሆኑ የማይችሉትን በጅምላ የሚጥል ወንፊት። ወንፊቱን እያጠበበ፣ እያጠበበ ሄደ። የሒሳብ መኪና እንደ ዛሬው በየኪሱ በሌለበት ዘመን ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።

* * *

ጥቅምት 31 ቀን 1903፣ ቅዳሜ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1896 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ገና ባንክ የሚባል ነገር ያልከፈተችበት ዘመን። የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ኒውዮርክ ላይ ተሰብስቧል። በመርሐ ግብሩ ከሰፈሩት ጽሑፎች አንዱ የኮል ነው፤ ርእሱም «ትላልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው ስለ መተንተን» የሚል ነው።

የሚተረከው እንዲህ ነው። ኮል ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። አንድም ቃል ሳይናገር ጠመኔ አነሣና 2ን እጥፍ እያደረገ እስከ ስድሳ ሰባት አደረሰው፤ አንድ ቀነሰበት። ወደ ሌላው የሰሌዳው ወገን ተሻገረና ሁለት ቁጥሮች ጻፈ።

193,707,721 እና 761,838,257,287

እንደ ተማሪ፣ ረድፍ በረድፍ፣ አሃዝ በአሃዝ አባዛቸው። ሲደምር ውጤቱ በወዲያኛው ወገን ከጻፈው ጋር አንድ ሆነ። ጠመኔውን አስቀምጦ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጉባኤው በጭብጨባ ተናወጠ። ጥያቄ ያቀረበ አልነበረም፤ ምን ይጠየቃል?

ከዓመታት በኋላ፣ በ1911፣ ይህን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ሲጠየቅ፣ የሦስት ዓመት እሑዶች ሲል መለሰ ይባላል።

«ይባላል» ማለቴ በምክንያት ነው። ይህን ታሪክ ያስፋፋው ኤሪክ ቴምፕል ቤል የተባለ የሒሳብ ሊቅና ጸሐፊ ነው። ኮሎምቢያ ላይ ኮል ራሱ አስተምሮታል፤ ስለ እሑዶቹ የጠየቀውም እርሱ ነው። በ1903 ግን ገና ካሊፎርኒያ ተማሪ ነበር፤ በዚያ ጉባኤ አልነበረም። ታሪኩን በመጽሐፍ ያወጣው በ1951 ነው፤ ኮል ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ። ቤል ደግሞ ብዕሩ የሚያምር፣ ታሪክን ትንሽ ቅቤ መቀባት የሚወድ ሰው እንደ ነበር የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች በየጊዜው ያነሡበታል። ጭብጨባው ያን ያህል ነበር? ዝምታውስ ፍጹም ነበር? እዚህ ላይ የምናምነው ቤልን ነው።

ነገር ግን የዚህ ታሪክ ውበቱ ይኸው ነው፤ ዋናው ነገር ምስክር አይፈልግም። ጉባኤው ቢረሳ፣ ቤል ቢያጋንን፣ ሰሌዳው ቢጠፋ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አሉ። የኮል ጽሑፍም በማኅበሩ መጽሔት ታትሞ አለ፤ አራት ገጽ ብቻ ነው። ማንም ሰው ወረቀት አንሥቶ ማባዛት ይችላል።

እኔ አባዝቼዋለሁ። ረጅሙን ከላይ፣ አጭሩን ከታች አድርጌ። አጭሩ ዘጠኝ አሃዝ አለው፤ አንዱ ዜሮ ስለ ሆነ የሚጻፈው ስምንት ረድፍ ነው። ሦስት ቦታ ላይ 7 ስላለ ሦስቱ ረድፎች አንድ ዐይነት ናቸው፤ 5,332,867,801,009። ሁለቱ ረድፎች ደግሞ በ1 የሚባዙ ናቸውና መገልበጥ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ተሳሳተ፤ በሁለተኛው ገጠመ። አንድ ሰዓት ያህል ወሰደብኝ።

ለሚቸኩል ሰው ደግሞ የድሮ ሒሳብ ያዦች የሚያውቋት መፈተኛ አለች። የአንደኛውን ቁጥር አሃዞች ደምሩ፤ 37 ይመጣል። 3 እና 7 ዐሥር፤ 1 እና 0 አንድ። የሁለተኛው ድምር 64 ነው፤ 6 እና 4 ዐሥር፤ አሁንም አንድ። አንድ ጊዜ አንድ፣ አንድ። ታዲያ የትልቁ ቁጥር አሃዞች ሲደመሩ 109 ናቸው፤ እነርሱም ዐሥር፤ እርሱም አንድ። ይህች ፈተና ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፤ የተሳሳተ ብዜት ግን ብዙ ጊዜ በእርሷ ይጋለጣል።

* * *

ለመፈለግ ሦስት ዓመት፤ ለማረጋገጥ አንድ ሰዓት። ይህ አለመመጣጠን የኮል ብቻ ዕጣ አይደለም። ሁለት ቁጥር ማባዛት ቀላል ነው፤ የተባዛውን መልሶ መለየት ግን ከባድ ነው። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ምሁራን ከዚህ አለመመጣጠን ቁልፍ ሠሩ። ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝተህ ብዜቱን ለዓለም ሁሉ ብታሳይ፣ ሁለቱን እስካልተናገርህ ድረስ ምስጢርህ ይጠበቃል የሚል ነው። በዚያው ዓመት ለፈተና ያቀረቡት 129 አሃዝ ያለው ቁጥር የተፈታው በ1994 ነው፤ ስድስት መቶ ያህል በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው። በ2020 ደግሞ 250 አሃዝ ያለው ተፈታ። ለጥበቃ የሚውሉት ዛሬ ከስድስት መቶ አሃዝ በላይ አላቸው። የኮልን ቁጥር ግን የትኛውም ተራ ኮምፒውተር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ለሁለት ይከፍለዋል።

ታዲያ የሦስት ዓመት እሑዶች ከንቱ ቀሩ? እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ግጥም አንባቢም በደቂቃ የሚጨርሰውን ስንኝ ገጣሚው በስንት ሌሊት እንዳገኘው አያይም፤ ማየትም አይጠበቅበትም። ሲያነብበው ከገጠመ፣ ይበቃል። መርሴን ታላቅ ስም ነበረው፤ ማስረጃ ግን አላስቀመጠም፤ ስሙ ስሕተቱን ሁለት መቶ ዓመት ተሸከመው። ኮል ሊታመን አልጠየቀም፤ ሊፈተን የሚችል ነገር አስቀምጦ ተቀመጠ። በሰዎች መካከል ካየኋቸው ሐቀኝነቶች ይህ አንዱ ነው፤ «እመኑኝ» ሳይሆን «አባዙት»።

በ1920 ከማኅበሩ ጸሐፊነት ሲሰናበት ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው ሰጡት። እርሱ መልሶ ለማኅበሩ ሰጠው፤ በስሙ የሚጠራው የሒሳብ ሽልማት የተቋቋመው በዚያ ገንዘብ ነው። በ1926 ዐረፈ። ለእኔ ግን ሐውልቱ ያቺ ብዜት ናት። ባንክ ቤት ማታ ሒሳብ ገጥሞ መዝገብ ሲዘጋ፣ ማንም ሳይናገር ሁላችንም ካፖርታችንን ስናነሣ፣ አንዳንዴ ትዝ ትለኛለች።

እሑድን በእሑድ ላይ እየደረደረ፣
ሁለት ስም ፈልጎ ዝም ብሎ ኖረ፤
ቆሞ አልተናገረም ሲፈታ ምስጢሩ፤
ሰሌዳው ይበቃል፣ ይናገር ቁጥሩ።